ዓርብን ያልጠበቀ መዝገብ

ይህን በአማርኛ የምጽፈው በምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድም ሰው ስለማያነበው ነው። ዓረብኛዬ የደብዳቤና የማኅተም ቋንቋ ሆኗል። በእሱ ስጽፍ እጄ ሳላዘው «ከላይ የተጠቀሰውን ጉዳይ ይመለከታል» ብሎ ይጀምራል። አሁን ልናገር የፈለግኩት ደግሞ የራሴን ጥፋት ነው።

የተወለድኩት ደሴ ነው። አባቴ የመናዊ ነጋዴ፣ እናቴ የወሎ ሴት ነበሩ። እዚህ ኤደን እንደ እኔ ያለውን ቅይጥ ሰው «ሙወለድ» ይሉታል፤ እንደ ተናጋሪው ፊት አንዳንዴ ስድብ፣ አንዳንዴ የቁልምጫ ስም ይሆናል። በአሥራ ሰባት ዓመቴ አባቴ ይዞኝ ተሻገረ፤ ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬ እዚሁ አለቀ። መንሱራ በሚባለው ሰፈር ቤት አለኝ፣ በአካባቢው አስተዳደር ቢሮ ውስጥ ደግሞ አንድ ወንበር አለኝ። ወንበሯ ከእኔ ቀድማ ጡረታ መውጣት ነበረባት።

ሥራዬ የልደትና የሞት መዝገብ ነው። አማርኛ ስለማውቅ ግን ሌላ ሰው የማይፈልገው ሥራ ተጨመረልኝ፦ ሆስፒታል ሞቶ ዘመድ ያልመጣለት ሐበሻ ሲኖር የመቅበሪያ ፈቃዱን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ሐበሻው ብዙ ነው። ከገጠር ተነሥቶ በጀልባ ይሻገራል፤ ወደ ሳዑዲ የሚያሻግረው እስኪያገኝ ድረስ መኪና ያጥባል፣ ሲሚንቶ ይሸከማል፣ ሽንኩርት ይነቅላል። ወረቀት የለውም። ስሙ እንኳ አንዳንዴ የራሱ አይደለም። ክርስቲያን የሆነው ባሕሩን ሲሻገር ማተቡን ይፈታና የእስላም ስም ያወጣል። መንገድ ላይ ጥያቄ ይቀንስልሃል እያሉ የሚመክሩት ደላሎቹ ናቸው። ይህን በቢሮው ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ስለዚህ የራሴ አሠራር ነበረኝ። ከሆስፒታል ወረቀቱ ሲደርሰኝ ሄጄ ሟቹን አያለሁ። ቁመቱን፣ ጠባሳውን፣ ጥርሱን፣ ልብሱን በአማርኛ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ ዓርብ እስኪደርስ እጠብቃለሁ። በሌላ ቀን ሐበሻን ፈልጎ ማግኘት አይታሰብም፤ አንዱ ራቅ ብሎ እርሻ ላይ ነው፣ አንዱ ዓሣ ያራግፋል፣ አንዱ የማን ግንባታ ላይ እንዳለ ራሱም አያውቅም። ዓርብ ግን ሥራ ስለሌለ ሁሉም ሼክ ዑስማን የሚባለው ሰፈር ይሰበሰባል። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ አንዲት የአገራችን ሴት ምግብ ቤት አለቻት። ከጁምዓ ሶላት በኋላ እዚያ እገባና ደብተሬን ገልጬ ጮክ ብዬ አነባለሁ። «ቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ፣ የፊት ጥርሱ የተሸረፈ» እላለሁ። ጉርሻው በሁሉም እጅ ላይ ይቆማል። ከዚያ ከአንዱ ጥግ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ይነሣል፣ «ሳላውቀው አልቀርም» ይላል። እውነተኛው ስም፣ አገሩ፣ ሃይማኖቱና የእናቱ ስልክ የሚገኘው ያኔ ነው። እስላም ከሆነ ጓደኞቹ ይሰግዱበታል፤ ክርስቲያን ከሆነ ማዓላ ወዳለው የድሮ የክርስቲያኖች መቃብር የሚያስገባ ደብዳቤ እጽፍለታለሁ። በመጀመሪያው ዓርብ የሚያውቀው ሰው ካልተገኘ ሁለተኛውን እጠብቃለሁ።

ዘመኑ ጥሩ ነበር ለማለት አይደለም። ቢሮአችን የለየለት ጉድ ነበር። አንዲት እናት የልጇን የልደት ወረቀት ለማግኘት ከክፍል ክፍል ስትንከራተት ልጁ ጥርስ ያወጣ ነበር። ማኅተሙን የያዘው ሰውዬ ጫት ሲገዛ ጉዳዩ ሁሉ አብሮት ይወጣል። የእኔም መጠበቅ ቢሆን ንጹሕ አልነበረም። ዓርብን ስጠብቅ መብራት ይጠፋል፤ መብራት ሲጠፋ የሆስፒታሉ ማቀዝቀዣ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዳንዴ ወንድም ተገኝቶ ይመጣና እኔ ራሴ «አትየው፣ ይቅርብህ» ብዬ መልሼዋለሁ።

ከዚያ አዲሷ ኃላፊ መጣች። ኮርማክሳር ባለው ዩኒቨርሲቲ አስተዳደር ታስተምር የነበረች፣ በዕድሜ ልጄ ልትሆን የምትችል ሴት ናት። «ኡስታዛ» እንላታለን፣ መምህርት ማለት ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ቢሮዋ አልገባችም፤ ከባለጉዳዩ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ዋለች። በሁለተኛው ሳምንት በክፍሎቹ መካከል ያለው ግድግዳ ፈረሰ። ሁሉም ነገር በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ መስኮት ሆነ። ባለጉዳይ ሲገባ ቁጥር ይወስዳል። እያንዳንዱ ጉዳይ የተቆረጠለት ጊዜ አለው፤ ጊዜውን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰሌዳ ይቆጥራል። በጊዜው ያለቀ አረንጓዴ፣ ሊያልፍበት የደረሰ ቢጫ፣ ያለፈበት ቀይ ይሆናል። በከተማው አንድ የሚሠራ የትራፊክ መብራት ሳይኖር እኛ አዳራሽ ውስጥ ተተከለ ብለን ሳቅን።

ሳቃችን ብዙ አልቆየም፤ ነገሩ ሠራ። የወራቱ ወረቀት በአንድ ጠዋት ማለቅ ጀመረ። ማኅተሙ ከሰውዬው ኪስ ወጥቶ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ፤ ሰውዬውም እንደማንኛችን ወንበር ላይ መዋል ለመደ። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ወረቀቷን በአንድ ቁጭታ ስትቀበል ግራ ገብቷት «ሌላው በር የት ነው?» አለችኝ። ሌላ በር የለም ስላት መርቃኝ ሄደች። ወደድኩት። ሌላው ሠራተኛ ሲያጉረመርም እኔ ለኡስታዛ ጠበቃ ነበርኩ። በየወሩ መጨረሻ ስብሰባ ላይ ቀይ ያልነካውን ሰው ስም ታነባለች፤ ስሜ ሲነበብ በዚህ ሽበቴ ጆሮዬ ይሞቃል። ባለቤቴ «ማታ ማታ የቤት ሥራህንም ላርምልህ?» እያለች ትቀልድብኝ ነበር።

ማንነቱ ላልታወቀ ሟች የተቆረጠው ጊዜ ሦስት ቀን ነው። በዚህ ተከራክሬያለሁ፤ ይህቺ ትያዝልኝ።

«ኡስታዛ፣ ሦስት ቀን ለእኔ አይበቃም፤ ዓርብ ያስፈልገኛል» አልኳት።

«ያ ዐም» አለችኝ፤ አጎቴ ማለቷ ነው። «ማቀዝቀዣው በቀን ስንት ሰዓት መብራት እንደሚያገኝ ታውቃለህ?»

አውቃለሁ አልኳት።

«ሟችን ማክበር ቶሎ መቅበር ነው። ይህንን አንተ ለእኔ ልትነግረኝ ይገባ ነበር። ዓርብ ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ ከመጣ ደግሞ ምክንያቱን ጽፈህ አራዝም፤ ማራዘሚያ ቁልፍ አድርጌልሃለሁ።»

ቁልፉ ነበረ። ይህ እንዲታወቅ እፈልጋለሁ። ሲነካ ግን መዝገቡ ቀይ ይሆናል፣ ምክንያቱም በወሩ መጨረሻ ስብሰባ ላይ በሁሉም ፊት ይነበባል።

ጥፋቴ ያለበት ወረቀት ከሆስፒታል የመጣው እሑድ ጠዋት ነው፤ እዚህ የሥራ ሳምንት የሚጀምረው እሑድ ነው። የወሩም የመጨረሻ ሳምንት ነበር። አዳራሹ ሳይከፈት ሆስፒታል ሄድኩ። ሟቹ ሃያዎቹን የጀመረ ወጣት ነው፤ ትኩሳት ነው የገደለው። ደግፎ ያመጣው ሰው አንድ የእስላም ስም አስመዝግቦ፣ ስልክ ሳይተው፣ ወረቀት እንዳይጠየቅ ፈርቶ ጠፍቷል። አስከሬን ጠባቂው መብራት ሊሄድ ነው ቶሎ በል እያለ ይነዘንዘኛል። ልብሱን አየሁ፤ የስፖርት ሱሪና ካናቴራ። ከዚያ አንገቱን አየሁ። ከቆዳው ቀለም ፈካ ያለ ቀጭን መስመር አንገቱን ዞሮታል። ከሕፃንነት ጀምሮ ክር ያልተለየው አንገት እንደዚያ ነው የሚሆነው። ስንት እንደዚህ ያለ አንገት አይቻለሁ። «አንገቱ ላይ የክር መስመር» ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

ቢሮ ተመልሼ መዝገቡን ከፈትኩ። ሃይማኖት የሚለው ቦታ ላይ ኮምፒውተሩ ራሱ አስቀድሞ «ሙስሊም» ብሎ ሞልቶታል። ለመቀየር ሰነድ ማያያዝ ያስፈልጋል፤ የአንገት መስመር ደግሞ ሰነድ አይደለም። ማክሰኞ ዕለት ለምግብ ቤቷ ሴት ደወልኩ።

«ዛሬ እዚህ ያለነው እኔና ዝንቡ ነን፤ እስከ ዓርብ አይቆይልህም?» አለችኝ።

«ሥራ ነው» አልኳት። ሌላ ምን እንዳልኳት አላስታውስም።

ረቡዕ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ መዝገቡ ቢጫ ሆነ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ቁልፎች ጎን ለጎን አሉ፤ አንዱ ማራዘሚያ፣ አንዱ መዝጊያ። በስብሰባው ላይ ምን ተብሎ ሊነበብ እንደሚችል አሰብኩ፦ «ምክንያት፦ አንገቱ ላይ መስመር አለ።» ያ የማኅተሙ ሰውዬ ሲስቅ ታየኝ። ሌላም አሰብኩ፤ ማቀዝቀዣውን አሰብኩ፣ ቶሎ መቅበር ክብር ነው የተባለውን አሰብኩ፤ ሁሉም እውነት ነበር። ይሁን እንጂ ጣቴን ያንቀሳቀሰው እሱ አይደለም። ስሜ ከአረንጓዴዎቹ ጋር እንዲነበብ ፈልጌ ነው። ዘጋሁት።

ከሰዓት በኋላ ተቀበረ። ድሮ ቢሆን ቀብሩ ላይ እቆም ነበር። በአዲሱ አሠራር መስኮት ጥሎ መውጣት ስለማይቻል ቆፋሪዎቹ ብቻቸውን ቀበሩት፣ እነሱው ሰገዱበት፣ አላህ ይስጣቸው።

ዓርብ ሲደርስ አልሄድም ብዬ ነበር። የተዘጋ መዝገብ ይዤ ምን ላነብ? ግን ከመስጊድ ስወጣ እግሬ ወደ ሼክ ዑስማን ሚኒባስ ወሰደኝ። ምግብ ቤቱ ሞልቷል። ደብተሬን ገልጬ ስለ ሱሪው፣ ስለ ካናቴራው፣ ስለ አንገቱ አነበብኩ። ደብተሩን ሳላጥፍ በሩ አጠገብ የነበረ ሰው ተነሣ። ገና ከእርሻ መድረሱ ነው፤ ጫማው ላይ ያለው አፈር እንኳ አልረገፈም፣ በእጁ በፌስታል ብርቱካን ይዟል።

«ወንድሜ ነው» አለ። «ትኩሳት ይዞት ጓደኞቻችን ክፍል ትቼው ነበር ወደ ሥራ የሄድኩት። አሁን ስመጣ ሆስፒታል ወስደነዋል አሉኝ። የትኛው ሆስፒታል ነው፣ ጋሼ?»

የማነበው የሟች ምልክት መሆኑን አላወቀም። ሱሪና ካናቴራ ስል በሽተኛ የምፈልግ መስሎታል። የምግብ ቤቷ ሴት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ተቀብሯል አልኩት።

«መቼ?»

«ረቡዕ።»

«ከትናንት ወዲያ?» አለ። ብርቱካኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እንደገና አነሣው፣ ደግሞ አስቀመጠው።

ታክሲ ይዤ መቃብሩ ወሰድኩት። ቦታው በድንጋይ ላይ በቀለም የተጻፈ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ቁጥሩን አሳየሁት። ዙሪያውን አየ፤ ሌሎቹን መቃብሮች፣ በራፉ ላይ የተቀመጠውን ጠባቂ፣ ከዚያ እኔን።

«እዚህ ማማተብ ይቻላል?» አለኝ በሹክሹክታ።

በጠባቂውና በእሱ መካከል ገብቼ ቆምኩለት። አማተበ። በጉልበቱ ተንበርክኮ አፈሩን ሳመው። ያኔ ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም።

«በማን ስም ነው የቀበራችሁት?» አለኝ ሲነሣ።

የተመዘገበውን ስም ነገርኩት። አፉ ሊስቅ እንደፈለገ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«እሱን ስም እኮ ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ጀልባው ላይ። እስክንለምደው ስንጠራራ እንስቅ ነበር።»

ተቆፍሮ ማዓላ እንዲዛወር ለዐቃቤ ሕግ ማመልከት እንደሚቻል ነገርኩት። ስንት ጊዜ እንደሚወስድ ጠየቀኝ። ለዚያ ዓይነት ጉዳይ ሰሌዳችን ላይ የተቆረጠ ጊዜ የለም፤ ወራት አልኩት። የሚያሻግረው መኪና በሳምንቱ ውስጥ ይነሣል። «ተዉት፣ ይረፍ፤ ሁለት ጊዜ አይቆፈርበት» አለ።

እሑድ ጠዋት አዳራሹ ሳይከፈት ለኡስታዛ ነገርኳት። የአንገቱንም ነገር አልደበቅኩም። እንድትቆጣኝ ፈልጌ ነበር፤ ብትቆጣኝ እኔም በሥርዓቷ ላይ የምቆጣው አገኝ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ያ ዐም፣ ለምን አላራዘምክም?» ብቻ አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። በዚያው ቀን ለሐበሻ ሟች ዓርብ የግድ እንዲጠበቅና መጠበቁ ቀይ እንዳይሆን ደንቡን ቀየረችው። የሚያስፈልገው አንድ ሰው ሄዶ መናገሩ ነበር፤ እኔ ደግሞ መጀመሪያ ስከራከር አንድ ጊዜ ተናግሬ ዝም አልኩ። በወሩ ስብሰባ ላይ ስሜ ተነበበ፤ ሰው አጨበጨበ።

በዚያው እሑድ ወደ ረፋዱ ላይ ሰሌዳው ቁጥር ሲጠራ ወንድምየው መስኮቴ ፊት ቆመ። እንደማንኛውም ባለጉዳይ ቁጥር ወስዶ፣ ወረፋውን ጠብቆ ነው የመጣው። ቢያውቀኝም ዘሎ አልገባም። ስልኩን በመስኮቱ ቀዳዳ ገፋልኝ።

«ጋሼ፣ እናታችንን እርስዎ ይንገሩልኝ። እኔ ሁለት ጊዜ ደውዬ ሰላም ብያት ዘጋሁ። የመንግሥት ሰው ቢነግራት ይሻላል።»

ከኋላው ሰው ተሰልፏል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል። እንቢ ማለት እችል ነበር፤ ግን በምን ዓይኔ አይቼው? ደወልኩ። ከሩቅ የዶሮ ድምፅ ይሰማል። ከኤደን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነኝ አልኳት፣ ስለ ትንሹ ልጇ ነው አልኳት፣ ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለገኝም።

«ሞተብኝ?» አለች።

«አዎ፣ እናቴ። እግዜር ያጽናሽ።»

አልጮኸችም። ከዚያ እንደ እኔ ያለ የመዝገብ ሰው እንደሚጠይቀው አንድ በአንድ መጠየቅ ጀመረች።

«ፍትሐት ተደርጎለታል?»

ወንድምየው መስታወቱን በሁለት እጁ ይዞ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

«ተደርጎለታል» አልኳት።

«ቄስ አለ እዚያ አገር?»

«አለ፣ እናቴ።»

«ሲቀበር ማን ቆመለት? ብቻውን ነበር?»

«እኔ ነበርኩ» አልኳት። ረቡዕ በዚያ ሰዓት እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ የአንዱን የልደት ወረቀት ሳትም ነበር።

«እርስዎ የእኛ ሰው ነዎት? ክርስቲያን ነዎት?»

ዕድሜዬን ሙሉ አምስት ወቅት ሶላቴን ሳላጓድል የሰገድኩ ሰው ነኝ። «አዎ» አልኳት። ወንድምየው ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደገፈ።

«እንግዲያ የክርስትና ስምዎን ይንገሩኝ» አለችኝ። «የእሱን ስም ሳነሣ የእርስዎንም አነሣለሁ። በሞትኩ ጊዜም እነዚህ ልጆች ያነሡታል።»

ደሴ የጎረቤታችን የነበረ የአንድ ሰው የክርስትና ስም መጣልኝ፤ እሱን ነገርኳት። እንዳይጠፋባት ሁለት ጊዜ ደገመችው። ቤት ውስጥ ላለ ሰውም ጮክ ብላ ነገረችው፤ ያም ሰው ደገመው። ከዚያ ተሳስታ እንደሆነ እንዳርማት ስሙን ለመጨረሻ ጊዜ ቀስ ብላ ጠራችው።

«ልክ ነው፣ እናቴ» አልኳት።